የልጁ መርፌ አይታጎል
ኢንሱሊን ለሚወስድ ልጅ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባ እንክብካቤ

ልጅ ሲታመም ከሐኪም ቀጥሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሐኪም ቀድማ ሕመሙን የምታውቀው እናት ናት። ትኩሳትም ቢሆን፣ ሳልም ቢሆን፣ ተቅማጥም ቢሆን ጥቂት ቀን አስታማ ልጇ ሲሻለው እፎይ ትላለች። የስኳር በሽታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ከሆስፒታል የሚወጣው ድኖ ሳይሆን ሕክምናውን ይዞ ነው። ጠዋትና ማታ መርፌ መውጋቱ፣ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ መጠበቁ፣ ምግቡን መመጠኑ፣ ሌሊት ተነሥቶ ልጁን መዳበሱ ከዚያች ዕለት ጀምሮ የቤት ሥራ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ እንዲህ ያለው ኃላፊነት ለወደቀባቸው እናቶችና ሠራተኛ ወላጆች የቀረበ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ምክሮች ብዙ ቢሆኑም የሁሉም ማሰሪያ አንድ ነው፤ ኢንሱሊን ለሚያስፈልገው ልጅ መርፌው አይታጎልም።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ከጨጓራ በስተኋላ ቆሽት የሚባል የሰውነት ክፍል አለ። ቆሽት ከሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ኢንሱሊን ነው። የምንበላው እንጀራ፣ ቂጣ ወይም ገንፎ በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ይህን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት አስገብቶ ጉልበት እንዲሆን የሚያደርገው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳሩ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ከሽንት ጋር ይፈስሳል። ልጁ እየበላ ይከሳል፤ እየጠጣ ይጠማል።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የመጀመሪያው ዓይነት የሚባለው የስኳር በሽታ ነው። የሚመጣውም የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን አመንጪ የሆኑትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። ልጁ ከረሜላ ስላበዛ ወይም እናቱ በአመጋገብ ስላጠፋች የሚመጣ አይደለም። ይህንን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ እናቶች ያለ ጥፋታቸው ራሳቸውን ሲወቅሱ ይታያሉና።

ምልክቶቹ ውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ መክሳትና መድከም ናቸው። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና መሽናት ከጀመረ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ሕመሙ ሲጠና ልጁ ያስታውከዋል፤ ሆዱን ያመዋል፤ በረጅሙና በጥልቀት ይተነፍሳል፤ ትንፋሹም የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። እንደ ወለጋ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ በሚበዛበት አካባቢ ይህ ሁሉ ወባ ወይም የሳምባ ምች ሊመስል ስለሚችል፣ የደም ስኳሩም አብሮ እንዲለካለት መጠየቅ ተገቢ ነው። ለምርመራው አንዲት ጠብታ ደም ትበቃለች።

መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት

እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ብዙ ጊዜ አይቆይም ነበር። ሐኪሞች የነበራቸው መላ ምግብ መከልከል ብቻ ስለነበረ፣ ሕፃናቱ በስኳሩ ባይሞቱ በረኃብ ይሞቱ ነበር። በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት ለማውጣት ቻሉ። በጥር 1922 ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። የመጀመሪያው ሙከራ መድኃኒቱ ንጹሕ ስላልነበረ አልሠመረም፤ ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ባልደረባቸው ካጣራው በኋላ ግን ልጁ አገገመ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የቻርልስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ ከእናቷ ጋር ወደ ቶሮንቶ ሄደች። ዕድሜዋ 15 ሊሞላ ተቃርቦ ሳለ ክብደቷ 20 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። ይህች አጥንቷ የቀረ ልጅ ኢንሱሊን ጀምራ አደገች፤ ትዳር ያዘች፤ 3 ልጆች ወለደች፤ በ1981 በ73 ዓመቷ አረፈች። «የስኳር በሽታ ያለባት ልጅ ምን ወግ ታያለች?» ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ኢንሱሊን ለብዙ ዓመታት ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይሠራ እንደነበረ የሰሙ አንዳንድ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ በሃይማኖት ምክንያት ይጠራጠራሉ። ከ1982 ወዲህ ግን በሰው ኢንሱሊን አምሳያ በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት መሠራት ጀምሯል። ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበትም ይኸው ነውና ስለዚህ ነገር ሥጋት አይግባዎ።

መርፌውን መውጋት

በአገራችን በብዙ ቤት የተለመደው መርፌ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከቁርስና ከእራት በፊት የሚሰጠው ነው። ለሠራተኛ እናትም የሚያመቸው ይህ ነው፤ አንዱን ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ሁለተኛውን ከሥራ ስትመለስ ትወጋለች። ይሁን እንጂ ሥራው በእናት ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። አባት ወይም ታላቅ ወንድምና እኅት አብረው ይማሩ። እናት አንድ ቀን ብትታመም ወይም ለለቅሶ ርቃ ብትሄድ የልጁ መርፌ ሊቀር ነውና።

ከመውጋትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ነጣ ያለውን ደፍራሹን ኢንሱሊን በሁለት መዳፍዎ መካከል ቀስ ብለው ያንከባልሉት እንጂ አይናጡት። ጥርቱንና ደፍራሹን በአንድ መርፌ እንዲቀላቅሉ ታዝዘው ከሆነ ጥርቱን አስቀድመው፣ ደፍራሹን አስከትለው ይቅዱ። የአየር አረፋ ካለ መርፌውን ቀጥ አድርገው በጣትዎ መታ መታ እያደረጉ ያስወጡት። ከዚያም ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው የሕክምና ባለሙያው ባሳየዎ አኳኋን ይውጉ፤ እስከ 10 ቆጥረው መርፌውን ያውጡ።

የሚወጋው ጭን፣ ሆድ፣ ክንድ ወይም ቂጥ ነው። ዘወትር አንድ ቦታ ብቻ ቢወጋ ሥጋው ይጠጥራል፤ መድኃኒቱም በሚገባ ወደ ሰውነት አይሠርግም። ስለዚህ ቦታ ይለዋውጡ።

በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በመርፌው ላይ ያለው ቁጥር መመሳሰል አለበት። ዛሬ የምንጠቀምበት ኢንሱሊን በብዛት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት የያዘ ስለሆነ መርፌውም ለ100 የተሠራ መሆን ይገባዋል። ለ40 በተሠራ መርፌ ቢቀዳ ልጁ ከታዘዘለት ሁለት እጥፍ ተኩል ይወስዳል፤ ይህም ለሕይወቱ ያሠጋል። የአንዱን ሰው መርፌ ሌላው ከቶ አይጠቀምበት። የተወጋበትንም መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመው ለጤና ጣቢያ ይመልሱ እንጂ ልጆች ከሚጫወቱበት ቆሻሻ ላይ አይጣሉት።

«እኔ ነርስ አይደለሁ፤ የልጄን ገላ እንዴት እወጋለሁ?» ብለው የሚፈሩ እናቶች አሉ። በዚህ ረገድ አንድ የሚያስገርም ነገር እናንሣ። የስኳር በሽታ በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በድመትና በውሻም ላይ ይደርሳል። በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው የያዛት ድመት ያለቻቸው ሰዎች ከእንስሳት ሐኪም ተምረው በየ12 ሰዓቱ ራሳቸው ኢንሱሊን ይወጓታል። የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ሰዎች ይህን የምትቧጥጥና የምታመልጥ ፍጥረት ይዘው ሰዓት ሳያዛንፉ መወጋት ከቻሉ፣ እናት ለልጇ የማትችልበት ምክንያት የለም። ነገር ግን በድመትና በልጅ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ድመት ቶሎ ከታከመች አንዳንድ ጊዜ ከመርፌ ልትገላገል ትችላለች። የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ ግን መርፌውን መተው አይችልም።

መድኃኒቱን ከሙቀት መጠበቅ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ፣ ይኸውም በፍሪጅ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በረዶ ከሚሠራበት ክፍል አጠገብ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። አንድ ጊዜ በረዶ የያዘው ኢንሱሊን ቢቀልጥም ከጥቅም ውጪ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን እየከፈቱ አለማየት ቅዝቃዜውን ለማቆየት ይረዳል።

ፍሪጅ የሌላቸው እናቶች ተስፋ ሊቆርጡ አይገባም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው ባካሄዱት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ውስጥ የቆየ ኢንሱሊን ለ4 ሳምንት ኃይሉን እንደጠበቀ እ.ኤ.አ. በ2021 አስታውቀዋል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ከዳዳብ ይልቅ እጅግ የቀዘቀዘች ናት። እንበል አንዲት እናት በበከኒሳ ቀሴ በአንዲት ክፍል ቤት ትኖራለች። መድኃኒቱን ከምድጃውና ከመስኮቱ አርቃ፣ የፀሐይ ሙቀት ከሚያግለው ቆርቆሮ ጣሪያ ዝቅ አድርጋ፣ በጥላ ጥግ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ብታኖረው ይበቃታል።

የሸክላው ዘዴ እንዲህ ነው። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ አሸዋ ተሞልቶበት ውኃ ይርከፈከፍበታል። ኢንሱሊኑ ውኃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባና አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውኃው በሸክላው ገላ በኩል በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። በእንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘዴው ይበልጥ የሚሠራው አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ማሰሮው እምብዛም ባያቀዘቅዝም፣ ያን ጊዜ የወለጋ ደጋ ራሱ ቀዝቃዛ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው በጉዞ ላይ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲሄዱ መንገዱ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ በዚያም ሙቀቱ ብርቱ ነው። መድኃኒቱን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ከሚጫነው ጓዝ ጋር አያስጭኑት፤ ከሾፌሩም ፊት ለፊት ከመስታወቱ ሥር አያስቀምጡት። ከራስዎ ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዙት።

የተከፈተ ጠርሙስ በአብዛኛው ከ4 ሳምንት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። አንዱ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 1,000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 20 ዩኒት ለሚወስድ ልጅ በሒሳብ 50 ቀን ይበቃል ማለት ነው፤ ሆኖም ኃይሉ ሊደክም ስለሚችል የተከፈተበትን ቀን በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ጥርት ያለው ከደፈረሰ፣ ደፍራሹም ከተንከባለለ በኋላ እንደ አይብ ከጓጎለ ወይም ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ አይጠቀሙበት።

ከዚህም ሌላ ያለፉት ዓመታት ያስተማሩን ነገር አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ በደረሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ጊዜ ዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ሕመምተኞች ተቸግረዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ጠርሙስ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ቢቻል የአንድ ወር መጠባበቂያ በቤትዎ ይኑር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል መሆንም የሕክምናውን ወጪ ለማቅለል ይረዳል።

ስኳሩ ሲያንስ

ኢንሱሊን ከበዛ፣ ልጁ መርፌ ተወግቶ ምግብ ካልበላ ወይም ኳስ ሲጫወት ከዋለ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ይርበዋል፤ ይነጫነጫል፤ ንግግሩም ይወላገዳል። መለኪያ ካለዎ ቁጥሩ ከ70 በታች ሆኖ ያገኙታል። መለኪያ ከሌለዎ ግን ሳይጠብቁ እርዳታውን ይጀምሩ።

ለትንሽ ልጅ 2 ወይም 3 የሻይ ማንኪያ፣ ለትልቅ ልጅ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት። ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ወይም ማርም ያገለግላል። ስኳር የሌለው ለስላሳ ግን አይረዳም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙለት፤ ሲሻለው ዳቦ ወይም እንጀራ ያብሉት። ራሱን ከሳተ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አያንቆርቁሩ፤ ትን ይለዋልና። በጎኑ አስተኝተው ጥቂት ማር ወይም በውኃ የራሰ ስኳር በጉንጩ ውስጥ ድዱን በጣትዎ ያሹለትና በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዱት። በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ አይታጣ።

ልጁ ሌላ በሽታ ሲይዘው

ለልጆች ሞት ምክንያት ከሚሆኑት ስሕተቶች አንዱ እዚህ ላይ የሚፈጸመው ነው። ልጁ ወባ ወይም ጉንፋን ይዞት ምግብ እምቢ ሲል እናት «ምንም ስላልበላ መርፌው ይጎዳዋል» ብላ ትተዋለች። በሕመም ጊዜ ግን ልጁ ባይበላም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል። ኢንሱሊን ፈጽሞ ሲቋረጥ ሰውነት ስብን ማቃጠል ይጀምርና ኬቶን የሚባል አሲድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ይህም በጥቂት ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቀን ውስጥ ልጁን ለሞት ያደርሰዋል። በመሆኑም መጠኑን ሐኪሙ ሊያሻሽለው ይችል ይሆናል እንጂ መርፌው አይቆምም። ውኃ ደጋግመው ያጠጡት። ካስታወከው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከደነዘዘ ሳይውል ሳያድር በነቀምቴ ወዳሉት የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል፣ በሌላ ከተማ ካሉም በቅርብ ወደሚያገኙት ሆስፒታል ይውሰዱት።

«ድኗል፤ መርፌውን ተዪው»

ኢንሱሊን ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዳንድ ልጆች የሚያስፈልጋቸው መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው የተረፉት የቆሽት ሕዋሳት ለጊዜው ስለሚያገግሙ ነው። ዘመድና ጎረቤት ይህን ሲያዩ «እሰይ፣ ድኗል! ከእንግዲህ መርፌውን ተዪው» ይላሉ። እፎይታው ግን ከጥቂት ወራት፣ ቢበዛ ከአንድ ዓመት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ አይዘልቅም። መርፌው ተቋርጦ ከቆየ ልጁ አንድ ሌሊት ራሱን ስቶ ይገኛል።

በከኒሳ በአፋን ኦሮሞ ብሳና ማለት ነው። ብሳና በባህላዊ መድኃኒትነቱ የታወቀ ዛፍ ነው። ነገር ግን ቅጠልም ይሁን ሥር ኢንሱሊንን ሊተካ አይችልም። ጸሎቱም ይቀጥል፤ ጸበሉም ይጠጣ፤ ይህ የእያንዳንዱ ቤተሰብ እምነት ነው። መርፌው ግን በጎኑ አይቋረጥ። ጾምንም በሚመለከት ለታመመ ሰው ሃይማኖት እንደማያስገድድ የታወቀ ስለሆነ፣ ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር ሳይመክሩ ልጁን አያስጹሙት።

ምግብና ትምህርት ቤት

የስኳር በሽታ ላለበት ልጅ የተለየ ድስት መጣድ አያስፈልግም። ከቤተሰቡ ጋር እንጀራውን በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ይብላ። ዋናው ነገር ሰዓት መጠበቅና መጠኑን ከቀን ቀን አለመለዋወጥ ነው። የወለጋ እናቶች የሚወዱት አንጮቴ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሆኖም እንደ ድንች ሁሉ ወደ ስኳርነት የሚለወጥ ስለሆነ በእንጀራው ፈንታ እንጂ በእንጀራው ላይ ተጨምሮ አይቅረብለት። ማር፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ስኳሩ ላነሰበት ጊዜ ይቀመጡ።

ሕመሙን መደበቅ ጉዳት አለው። በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን «ነገ ባል ታጣለች» በሚል ሥጋት የሚሸሽጉ ቤተሰቦች አሉ። መምህሯ ካላወቀ ግን ስኳሯ ሲያንስ የደነዘዘችውን ልጅ «ትተኛለሽ» ብሎ ይቆጣታል፤ ሽንቷን ለመሽናት ስትጠይቅም ይከለክላታል። ስለዚህ ለመምህሯ፣ ለቅርብ ጓደኛዋና ለአንዲት የታመነች ጎረቤት ይንገሩ፤ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣትንም ያስተምሯቸው።

በአገራችን ይህን ሸክም ከቤተሰብ ጋር ለመጋራት ከተጀመረ ቆይቷል። የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ በጅማም እንዲሁ፣ የገጠር ሕመምተኛ ለመድኃኒት ረጅም መንገድ እንዳይጓዝ በየጤና ጣቢያው በነርሶች የሚካሄድ ክትትል ዘርግተዋል። እርስዎም በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የቅርብ ጤና ጣቢያዎ ኢንሱሊን ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

ለመጀመር ያህል ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ያዘጋጁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወጉትን መጠንና ስኳሩ ተለክቶ ከሆነ ቁጥሩን ይጻፉበት። ለቀጠሮ ሲሄዱ ደብተሩን ይዘው ይቅረቡ፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው በእርሱ ተመርቶ ነው። እርስዎ በማይኖሩበት ቀን መርፌውን የሚወጋው ማን እንደሆነም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሙን ይጻፉ።